ቀጣዩ ላፕቶፕ እንዴት ያለ ይሁን? ስለ ንድፍ፣ ስለ ስክሪን መጠንና ስለ አስተማማኝነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ላፕቶፕ ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ «እንዴት ቀጭን ነው፣ ሲያምር!» ይላል። ሌላው «14 ኢንች ለእኔ አይበቃኝም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ያለፈው ሞዴል በዓመቱ ነው ጉድ የሠራኝ» ብሎ ያማርራል። ሦስቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ለሦስተኛው አደላለሁ። ላፕቶፕ ለብዙዎቻችን በየዓመቱ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የሥራ ፈላጊው ሲቪ እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት «በአራተኛው ዓመትስ ይሠራል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ ሞዴል በቅርቡ ይወጣል ይባላል። ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?

እጃችሁ ላይ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ ጠብቁ። ከሌለ ግዙ። ሥራን ወይም ትምህርትን አቁሞ ገና ያልወጣ ዕቃ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

አምራቾች አዲስ ሞዴል የሚያሳዩባቸው ትልልቅ ቀናት ይታወቃሉ። አንዱ በየጃንዋሪው ላስ ቬጋስ ላይ የሚካሄደው ሲኢኤስ ነው። ሌላው ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ ታይፔ የሚካሄደው ኮምፒዩቴክስ ነው። እዚያ የታየ ሁሉ ግን ወዲያው ሱቅ አይገባም። ወራት የሚፈጅ አለ። አዲስ አበባ ሱቅ እስኪደርስ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ አለው።

የመጠበቅ ትልቁ ጥቅም አዲሱን ማግኘት አይደለም፤ የአሮጌው ዋጋ መውረዱ ነው። ያለፈው ዓመት ሞዴል አዲሱ ሲወጣ ይረክሳል፤ በፍጥነት ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለተራ ተጠቃሚ አይታወቅም። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። በ2025 መጨረሻ የራም (ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለተወደደ፣ «ቆይቼ ብገዛ ይረክሳል» የሚለው ሒሳብ እንደ ድሮው አያስተማምንም።

አዲሱ እንደወጣ ቀድሞ መግዛት ምን ችግር አለው?

ችግሩ አስተማማኝነት በመጀመሪያው ሳምንት አለመታየቱ ነው። ፍጥነት በአንድ ቀን ይለካል። የስክሪን ጥራት ዓይን ያየዋል። ድካም ግን የሚወጣው ማሽኑ መቶ ጊዜ ሞቆ መቶ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ2008 ኤንቪዲያ አንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ከተለመደው በላይ እየተበላሹ እንደሆነ አምኖ፣ ለጥገናና ለመተኪያ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ቺፖቹ በወቅቱ ታዋቂ በነበሩ በብዙ ብራንዶች ላፕቶፕ ውስጥ ገብተው ተሸጠዋል። ሲገዙ ምንም አልነበራቸውም። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ነው ቺፑን የያዘው ብየዳ የተሰነጣጠቀው። የመጀመሪያ ቀን ግምገማ የጻፈ ማንም ጋዜጠኛ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቢያንስ አምስት ስድስት ወር ቆይታችሁ ግዙ ነው። ያኔ ሰው ተጠቅሞበታል። ኪቦርዱ ይጣበቃል ወይ፣ ከእንቅልፍ ሲነሣ ይንቃል ወይ፣ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ይሞቃል ወይ የሚለው ይታወቃል።

ቀድመው የሚወጡ ፎቶዎችንና ጭምጭምታዎችን ልመን?

ስለ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል። በ2021 የአፕል ዕቃዎችን ከሚገጣጥሙት አንዱ የሆነው ኳንታ የተባለ የታይዋን ኩባንያ በሳይበር ዘራፊዎች ተጠቅቶ የማክቡክ ንድፎች ወጡ። ኤችዲኤምአይ (የቲቪና የፕሮጀክተር ገመድ ማስገቢያ)፣ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያና ማግኔቱ ቻርጀር ሊመለሱ እንደሆነ በዚያው ታየ። በኦክቶበር ማሽኑ ሲወጣም በእርግጥ ነበሩ። ስክሪኑ አናት ላይ ለካሜራ የተቆረጠችው ቦታ ግን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ ስላልታወቀች አብዛኛውን ሰው አስገርማለች።

ቀድሞ ከወጣ መረጃ ሊገኝ የማይችለው ነገር ጥንካሬ ነው። ማጠፊያው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው በየትኛውም የወጣ ፎቶ ላይ አይታይም። በፎቶ ብቻ «ይህን ነው የምገዛው» ብሎ መወሰን ይቅርባችሁ።

13፣ 14፣ 15.6 ወይስ 16 ኢንች?

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚከራከረው በማይነጻጸሩ ቁጥሮች ነው። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ሁለት ስክሪኖች እኩል ኢንች ኖሯቸው አንዱ አጭርና ሰፊ፣ ሌላው ረዘም ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከኢንቹ ጋር ቅርጹንም ጠይቁ። ለዓመታት ገበያውን የያዘው 16 በ9 ነው፤ ለፊልም ይመቻል። አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ ግን 16 በ10 ናቸው፤ ቁመት ይጨምራሉ። 3 በ2 የሆኑም አሉ፤ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፕና ፍሬምወርክ 13 እንደዚያ ናቸው።

ማስመሪያ አውጥተን እንለካ። አሮጌው 15.6 ኢንች፣ 16 በ9 ስክሪን ወርዱ 34.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 19.4 ሴንቲ ሜትር ነው። አዲሱ 14 ኢንች፣ 16 በ10 ደግሞ ወርዱ 30.2፣ ቁመቱ 18.8 ነው። በቁመት የሚለያዩት ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ጽሑፍ የምትጽፉ፣ ፒዲኤፍ የምታነቡ ከሆነ «ከ15 ወደ 14 ወረድኩ» ብላችሁ አትዘኑ። በአንድ ጊዜ የምታዩት መስመር ያው ነው ለማለት ይቻላል። የምታጡት በጎን ነው። ኤክሴል ላይ ለሚውል ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ለሚከፍት ሰው ያ አራት ሴንቲ ሜትር ቁም ነገር ነው።

ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ 16 ኢንች፣ 16 በ10 የሆነው ወርዱ እንደ 15.6ቱ 34.5 ነው፤ ቁመቱ ግን 21.5 ይደርሳል። ማለትም ላፕቶፑ በወርድ ምንም ሳይሰፋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁመት አገኘን። ለእኔ ባለፉት ዓመታት በላፕቶፕ ንድፍ ላይ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ማስታወቂያው ስለ እሱ ብዙ ባያወራም።

ኢንች ክብደትንም አይነግራችሁም። በ2023 የወጣው 15 ኢንቹ ማክቡክ ኤር 1.51 ኪሎ ሲሆን፣ የ2021ዱ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ 1.6 ኪሎ ነው። ትልቁ ቀለለ ማለት ነው። ኤልጂ ግራም የሚባለው 17 ኢንች ላፕቶፕ ደግሞ 1.35 ኪሎ ብቻ ነው። በየቀኑ በታክሲና በእግር የምትሄዱ ከሆነ ሚዛኑን ጠይቁ፤ የቻርጀሩንም ጨምራችሁ። ቦርሳ የሚከብደው በላፕቶፑ ብቻ አይደለም።

የስክሪኑ ጥራትስ?

1366 በ768 ነጥብ የሆነ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ በነጻ ካልሰጧችሁ በቀር አትውሰዱ። 15.6 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 100 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው ያለው። 14 ኢንች ላይ 1920 በ1200 ሲሆን 160 ገደማ ይደርሳል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይሰማል። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። ነጥቡ ሲያንስ ፊደሉ ይደፈናል፣ ዓይን ይደክማል።

ከዚህ በላይ ያለው፣ 4ኬ ምናምን፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ባለሙያ ካልሆነ ባትሪ ይበላል። ብሩህነቱን ግን ጠይቁ። የሚለካው በኒት ነው። 250 ኒት የሆነ ስክሪን መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ አይነበብም፤ 400 ሲሆን ያስኬዳል።

ኦሌድ ስክሪን ይቃጠላል ይባላል። እውነት ነው?

ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ብዙ የበራው ቶሎ ያረጃል። ከታች ያለው የዊንዶውስ ረድፍ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ከጊዜ በኋላ ጥላው ሊቀር ይችላል። ጨለማ ገጽታ መጠቀም፣ ረድፉ ራሱን እንዲደብቅ ማድረግ፣ ብሩህነቱን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ሰነድ ከፍታችሁ ስምንት ሰዓት የምትውሉ ከሆነ ግን አይፒኤስ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ጥሩ ስክሪን ይበቃችኋል። ፊልም ለሚወድ ሰው ኦሌድ ግሩም ነው።

ቀጭን ላፕቶፕ ሁሉ ደካማ ነው?

አይደለም። ቅጥነት ሲባል ምን እንደተሠዋ ግን መጠየቅ አለበት። ከአፕል ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ2015 አፕል 12 ኢንች ማክቡክ አወጣ። 0.92 ኪሎ፣ ፋን የሌለው፣ አንዲት ዩኤስቢ ሲ ብቻ ያለችው። ያን ያህል ለማቅጠን ኪቦርዱ ከሥር ተለወጠ፤ ቢራቢሮ የሚባለው አሠራር መጣ። በ2016 ይኸው ኪቦርድ ወደ ማክቡክ ፕሮም ገባ። ችግሩ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ቁልፎቹ ወደ ታች የሚሄዱበት ርቀት በጣም አጭር ስለሆነ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ስትገባ ቁልፉ ይደርቃል፣ ወይም አንዴ ሲነካ ሁለቴ ይጽፋል። ከዚህ የባሰው ጥገናው ነው። ኪቦርዱ ከላይኛው የብረት አካል ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። ባትሪውም እዚያው ተለጥፏል። ስለዚህ ለአንድ ቁልፍ ሲባል የላይኛው አካል እንዳለ ይቀየራል።

አፕል በጁን 2018 ከተሸጡበት ቀን ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ድረስ በነጻ የሚጠግንበት ፕሮግራም አወጀ። በኖቬምበር 2019 የወጣው 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ወደ ቀድሞው ዓይነት ኪቦርድ ተመለሰ። አሁን ልብ በሉ። የቀደመው 15 ኢንች ውፍረቱ 15.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አዲሱ 16.2 ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ለቅሶ የተቀመጠው ለ0.7 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ይቻላል። በ2022 አፕል በአሜሪካ በዚሁ ኪቦርድ የተከሰሰበትን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ለመዝጋት ተስማማ።

የስክሪኑም ነገር አለ። የ2016ቱ ማክቡክ ፕሮ የስክሪኑን መብራት የሚያገናኘው ስስ ኬብል ማጠፊያው ላይ ይጠቀለላል። ክዳኑ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይወጠራል፣ ይፋተጋል። ከጊዜ በኋላ ከስክሪኑ ግርጌ እንደ መድረክ መብራት የተበታተነ ብርሃን ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። በ2018ቱ ሞዴል ኬብሉ በ2 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ተገኘ። ሁለት ሚሊ ሜትር! በንድፍ ጊዜ ቢታሰብበት ኖሮ የስንቱ ሰው ስክሪን በተረፈ።

በ2021 የመጡት 14 እና 16 ኢንቾች ኤችዲኤምአዩን፣ የካርድ ማስገቢያውንና ማግኔቱን ቻርጀር መለሱ። ገበያው አጨበጨበ። አንድ ኩባንያ ስህተቱን አርሞ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን በመካከል ገንዘባቸውን ከፍለው የተቸገሩትን አልረሳቸውም።

ታዲያ ማክቡክ አትግዙ እያላችሁ ነው?

በፍጹም። ከ2020 ኖቬምበር ወዲህ በኤም 1 ቺፕ የመጡት ከሙቀትም ከባትሪም አንጻር ጎበዞች ናቸው። የተናገርኩት ስለ ንድፍ ውሳኔ ነው። ያገለገለ ማክቡክ የምትገዙ ከሆነ ግን ከ2015 እስከ 2019 ድረስ የወጡትን ባለ ቢራቢሮ ኪቦርዶች እለፏቸው። ዋጋቸው ያጓጓል፣ መልካቸው ከአዲሶቹ ብዙ አይለይም፤ የነጻ ጥገናው ዘመን ግን አልፏል።

በብዛት የሚበላሸው የላፕቶፕ ክፍል የቱ ነው?

ሰው የሚፈራው ፕሮሰሰሩን ነው። እሱ ግን ከሁሉም የሚቆይ ነው። ጥገና ቤት ገብታችሁ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ብታዩ ሌላ ነገር ትረዳላችሁ።

አንደኛ ማጠፊያው ነው፤ ጠጋኞቹ ሂንጅ ይሉታል። ርካሽ የፕላስቲክ ላፕቶፖች ላይ የሂንጁ ብሎን የሚታሰረው ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ የሽንብራ ፍሬ የማያክሉ የነሐስ ቀለበቶች ላይ ነው። ሂንጁ እየጠጠረ ሲሄድ፣ እኛም ክዳኑን ከአንድ ጥግ ይዘን ስንከፍት፣ ኃይሉ በሙሉ በአንዱ ወገን ቀለበት ላይ ያርፋል። አንድ ቀን «ቀጭ» ይላል። ክዳኑና አካሉ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ይታያል። ብዙ ሰው «ይሠራል እኮ» ብሎ ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ የስክሪኑ ፍሬም ይሰነጠቃል፣ ኬብሉ ይቆረጣል። ክፍተቱን እንዳያችሁ መክፈትና መዝጋት አቁማችሁ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፤ ያኔ በማጣበቂያና በአዲስ ብሎን ይድናል። ክዳንም ሁልጊዜ ከመሐል ተይዞ ነው የሚከፈተው።

ሁለተኛ የቻርጀር ቀዳዳው ነው። ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ምቹ ነው፤ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቀዳዳዋ በቀጥታ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደች ናት። አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ገመዱ ተጣሞ ስትጠቀሙ ያን ብየዳ ነው የምትጎትቱት። ቀዳዳዋ ለብቻዋ በትንሽ ቦርድ ላይ ከሆነች ጥገናው ቀላል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን ሞዴል የመፍታት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ፤ አሥር ደቂቃ ነው።

ባትሪ ያልቃል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ዕድሜ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ የምታውሉት ከሆነ አብሩት። ባትሪው አብጦ የመዳሰሻው ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወይም የታችኛው ሽፋን ከፍ ካለ ግን አጥፉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ወዲያው ያስወጡላችሁ። በ2006 ዴል በሶኒ የተሠሩ 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን የሰበሰበው እሳት ስለሚያስነሡ ነው።

አቧራና ፈሳሽ ደግሞ የየዕለቱ ጠላቶች ናቸው። ፋኑ ከጮኸና እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ማስጠረግና የፕሮሰሰሩን ቅባት ማስቀየር ብዙ ብር አይጠይቅም። ቡና ከፈሰሰበት አታብሩ፤ ገልብጡት፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ አድርሱት። መብራት ሄዶ በኃይል በሚመለስበት ሰፈር ከሆናችሁ መብራቱ ሲሄድ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ሲረጋጋ መልሱት። ላፕቶፑ ባትሪ አለውና በዚያ መሐል ሥራችሁ አይቋረጥም።

«የወታደራዊ ደረጃ ያለፈ» የሚለው ማስታወቂያ ያስተማምናል?

በከፊል። ሚል ስታንዳርድ 810 የአሜሪካ ጦር የዕቃ መፈተኛ ዘዴዎች ስብስብ ነው። ሙቀት፣ ንዝረት፣ መውደቅ፣ አሸዋ እና ሌሎችም አሉበት። ነገር ግን ማኅተም የሚሰጥ አካል የለም። አምራቹ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚያደርግ ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ «አለፈ» ከተባለ «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዝርዝሩን በግልጽ የሚያስቀምጥ አምራች ከማያስቀምጠው ይሻላል።

ራሙ የተበየደ ነው አሉኝ። ይህ ከአስተማማኝነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ይገናኛል። የተበየደ ራም ቢበላሽ ወይም ቢያንስ የሚቀየረው ማዘርቦርዱ ነው። በ2024 የወጡት የኢንቴል ኮር አልትራ 200ቪ ቺፖች ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብረው ይዘው ነው የመጡት፤ ጣሪያውም 32 ጊጋባይት ነው። የአፕል ኤም ቺፖችም በዚሁ መንገድ ናቸው። ባትሪ ይቆጥባል፣ ያፈጥናል። በኋላ መጨመር ግን የለም። ስለዚህ ስትገዙ ለዛሬ ሳይሆን ለአራት ዓመት አስቡ፤ ዛሬ ከ16 በታች አትውረዱ።

በተቃራኒው መንገድ የሚሄዱም አሉ። ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ሁሉ ነገሩ በአንድ ብሎን መፍቻ የሚፈታ 13.5 ኢንች ላፕቶፕ ይሸጣል። አዲስ ፕሮሰሰር ሲመጣ ማዘርቦርዱን ብቻ ገዝቶ በአሮጌው አካል ውስጥ መግጠም ይቻላል። ሌኖቮም በ2024 በቲንክፓድ ፒ1 ላይ ሳይበየድ ስስ ሆኖ የሚገጠም አዲስ ዓይነት ራም አስገብቷል። ወደፊት ከሚመጡት ውስጥ እኔ የምጓጓው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የሚታጠፉና የሚጠቀለሉ ስክሪኖችስ?

ያስደንቃሉ። ሌኖቮ በ2025 ሲኢኤስ ላይ ያሳየው ቲንክቡክ ፕላስ በሞተር እየተገፋ ከ14 ኢንች ወደ 16.7 ኢንች ወደ ላይ ይረዝማል። «ትንሽ ይሁን ወይስ ትልቅ» የሚለውን ክርክር በአንድ ማሽን ሊፈታ የሞከረ ነው። ዋጋው ግን ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ሞተር፣ ሐዲድና ተጣጣፊ ስክሪን በአንድ ላይ ያለው ዕቃ አቧራ ባለበት አገር ሲበላሽ ክፍሉ ከየት ይመጣል? ለጊዜው ማየት ይበቃል።

ከውጭ ዘመድ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልንገረው?

መጀመሪያ ኪቦርዱን ንገሩት። እስራኤል የተገዛው የዕብራይስጥ፣ ዱባይና ሪያድ የተገዛው የዓረብኛ ፊደል ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ከእንግሊዝኛው ጎን የታተመ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ፈረንሳይና ጀርመን የተገዛው ግን የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ራሳቸው ቦታ ይቀያየራሉ። አማርኛ የምንጽፈው የላቲን ፊደል እየነካን በድምፅ ስለሆነ እጃችን የለመደው ይዛባል። ፈረንሳይ ላይ «ኤ» እና «ኪው» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጀርመን ላይ «ዋይ» እና «ዜድ»።

ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ አሜሪካ የተገዛም ቢሆን እኛ ጋ ይሠራል፤ የሶኬቱን ጫፍ መቀየር ብቻ ነው። ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ ደግሞ ሳይከፈል በፊት ይጠይቅ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከተበላሸ በኋላ ነው። በአውሮፕላን ለሚመጣው፣ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆነ በእጅ ሻንጣ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ትልልቆቹ ላፕቶፖች ባትሪያቸው 99 ላይ የሚቆመው ለዚሁ ነው።

የአውሮፓ ሕግ ቀጣዮቹን ላፕቶፖች ይለውጣል የሚባለው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር ነው። ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ መደረግ መቻል አለባቸው። ገዢው ያለ ቻርጀር የመግዛት ምርጫም ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ከአውሮፓ የምታስመጡ ሰዎች ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር መኖሩን አረጋግጡ። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎችን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ ይሠራል። አምራቾች ለአንድ ገበያ ብቻ ለይተው መሥራት ስለማይመቻቸው ጥቅሙ ለሌላውም ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአንድ ዋጋ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ?

ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ለድርጅት ሲሠሩ እንዲጠገኑ ተብለው ነው የሚሠሩት። ማጠፊያቸው ብረት ይይዛል፣ ክፍላቸው ገበያ ላይ ይገኛል፣ ማንኛውም ጠጋኝ ውስጣቸውን ያውቃል። ቲንክፓድ በ1992 ሲጀመር የነበረው ጥቁር ሣጥን መልኩ እስካሁን ብዙ አልተለወጠም፤ ውበቱ ላይ መከራከር ይቻላል፣ ጥቅሙ ላይ ግን አልከራከርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ቢላችሁ አይበቃም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ወይም ከዚያ በላይ ባለ ትውልድ ይጀምር እንደሆነ እዩ። የ4ኛ ትውልድ አይ ሰቨን ከ8ኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ያንሳል።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ምን ልፈትሽ?

ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ መሐል ላይ ተዉት፤ ወድቆ ካልተዘጋ፣ ድምፅም ካላሰማ ጥሩ ነው። ሁለቱን የማጠፊያ ጥጎች በባትሪ ብርሃን እዩ፤ ስንጥቅ ወይም የሙጫ ምልክት ካለ ተጠግኗል ማለት ነው። ኪቦርዱን መሐሉ ላይ በጣት ጫኑት፤ ሰምጦ የሚወዛወዝ ከሆነ አካሉ ደካማ ነው። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ አንቀሳቅሱ፤ ቻርጅ ማድረጉ መቋረጥ የለበትም። ስክሪኑን ነጭ ከዚያ ጥቁር አድርጋችሁ ነጥብና እድፍ ፈልጉ። ሁሉንም ቁልፎች ጻፉባቸው፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ እያንዳንዱን የፍላሽ ቀዳዳ ሞክሩ።

ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ሪፖርት አስወጡ። ዊንዶውስ ላይ በትእዛዝ መስኮት ይወጣል፤ ሻጩ ካላወቀ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዋጋው ይቀነስላችሁ። በመጨረሻ አንድ ከባድ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ አቆዩት፤ በዚያው ጊዜ የዋስትናውን ወረቀት ማን እንደሚፈርም፣ ለስንት ወር እንደሆነና ስክሪንና ባትሪን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ አስይዙ።